ለሰላምታ የወጣሁ ለት

ጎረቤቱን ሰላም ሳይል የሚያድር ሰው አልወድም። ይህን ስል ልጄ ይስቅብኛል። "አባዬ፣ እዚህ አገር ሰው ሰላም የማይባባለው ጠልቶ አይደለም፤ ኑሮው ነው" ይለኛል። ይበለኝ። እኔ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ግድግዳ የምጋራውን ሰው እንዳላየ ሆኜ ላልፍ ብል እንኳ አንገቴ እሺ አይለኝም፤ ራሱ ጎንበስ ይላል።

ወደ ልጄ ቤት የመጣሁት ለጉብኝት ነው ብዬ ነበር ለሰው ያወራሁት። እውነቱ ግን ሞግዚት ልሆን ነው። የልጅ ልጄ ስምንት ወሩ ነው፤ ጉንጩ ትከሻው ላይ ሊደርስ ምንም ስላልቀረው ድንቡሼ እለዋለሁ። እናቱ ወደ ሥራዋ የምትመለስበት ቀን ደረሰ፤ የሕፃናት ማቆያው ደግሞ ተራችሁ ከሦስት ወር በኋላ ነው አላቸው። ልጄ "አባቴ አለልን" አለ። ምራቴ "አባትህ አገሩን መች ያውቁታል?" አለች። ክፋት የላትም፤ ፈርታ ነው። ልጄ ግን ሽንጡን ገትሮ ተከራከረልኝ፤ እኔም በስልክ "አምስት ልጅ አሳድጌያለሁ!" ብዬ ፎከርኩ። ያሳደገቻቸው ባለቤቴ ናት። ጉልበቷን ታማ ባትቀር ኖሮ እኔን ማን ይጠራኝ ነበር? ስትሸኘኝ እንኳ "አፍህን ይዘሃል፣ ጆሮህን እንዳትረሳ" ነው ያለችኝ።

አሥራ ሁለት ቀን ቤቱን ስማር ከረምኩ። ምድጃው ጥቁር መስታወት ነው፤ የጠፋ ሲመስል ያቃጥላል። የደረጃው መብራት የሚንቀሳቀስ ሰው ካላየ ራሱን ያጠፋል። አውቶብስ ውስጥ ስናወራ ልጄ በክርኑ ይጎስመኛል፤ ድምፅህ ከፍ አለ ማለቱ ነው። መኪና በሌለበት መንገድ ዳር ቆመን መብራት እንጠብቃለን፤ ልሻገር ስል ኮቴን ይይዘኛል። ይህን ሁሉ እሺ አልኩ። እሺ ያላልኩት በሩን ነው።

"አባዬ፣ ቁልፍ ሳትይዝ አንዲት እርምጃ እንዳትወጣ። በሩ አንዴ ከተዘጋ ከውጭ አይከፈትም" አለኝ በመጀመሪያው ቀን። በማግስቱም አለኝ። በሦስተኛው ቀን ደሜ ፈላ።

"ስማ፤ አርባ ዓመት በር ስገጥም የኖርኩ አናጢ ነኝ። አንተንም ያስተማርኩህ በር ሠርቼ ነው። አሁን ደግሞ በር ልታስተምረኝ ነው? ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!"

ልጄ ሳቀና ተወኝ። ቁልፉን ከበሩ ኋላ አንጠለጠለልኝ።

ፊት ለፊታችን አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኖራሉ። ስማቸውን የነገረኝ ስለሌለ ባለመነጽሯ ብዬ ሰይሜያቸዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ከወገቤ ዝቅ ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ቦርሳቸው ውስጥ ቁልፍ ፍለጋ ገቡ። በአራተኛው ቀን ከገበያ ሲመለሱ ዕቃ ልሸከምላቸው እጄን ብዘረጋ ከረጢታቸውን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። እልህ ያዘኝ። እኚህን ሴትዮ ሰላም ሳላስብል ወደ አገሬ አልመለስም አልኩ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ምራቴ ሥራ ገባች። ልጁን ስማ ወጣች፤ ከአሳንሰሩ ተመልሳ ደግማ ሳመችው። "አባባ፣ ጡጦዎቹን አሥር ደቂቃ ብቻ ይቀቅሏቸው" አለችኝ። "ሂጂ፣ አታስቢ" አልኳት። ልጄ አውቶብስ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው፤ እሱ ጎህ ሳይቀድ ነው የወጣው። ጡጦዎቹን በድስት ጣድኩ። ድንቡሼን ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በትራስ አጠርኩት፤ መዳህ ከጀመረ ገና ሳምንቱ ነው። ይህን ጨርሼ ቀና ስል የባለመነጽሯን ኮቴ ከደረጃው ሰማሁ።

በካልሲ ብቻ ብር ብዬ ወጣሁ። ሴትዮዋ ቆሻሻ ጥለው እየተመለሱ ነበር። "እንደምን አደሩ እመቤቴ!" አልኩ ሁለት እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ። በራሴ ቋንቋ ነው፤ ለሰላምታ ደግሞ ምን አስተርጓሚ ያሻል? ክው ብለው ቆሙ። ከዚያ በከንፈራቸው ጫፍ ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ ወዲያው ቤታቸው ጥልቅ አሉ። ዛሬስ ጥርሳቸውን አየሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ስዞር፣ በራችን በቀስታ መጥቶ "ቀጭ" አለ።

ገፋሁት። ከውጭ በኩል መያዣ እንጂ የሚዞር እጀታ የለውም። ዓይኔ ሳላዘው መመርመር ጀመረ፦ ፊቱ በብረት የተለበጠ፣ መቃኑም ብረት፣ ማጠፊያው በውስጥ በኩል፣ ስንጥቁ ዙሪያውን በጎማ የተደፈነ። የሠራው ሰው እጁ ይባረክ አልኩ፤ ቀጥዬ እጁ ይሰበር አልኩ። ስልኬ ጠረጴዛ ላይ ነው። ድስቱ ተጥዷል። ልጁ ምንጣፉ ላይ ነው።

የባለመነጽሯን በር በመዳፌ ደበደብኩ። "እመቤቴ! ልጅ አለ! ቤት ውስጥ ሕፃን ልጅ አለ! ስልክ ይስጡኝ!" እጄን ጆሮዬ ላይ እንደ ስልክ አድርጌ በራቸው ላይ ካለችው የማያ ቀዳዳ ፊት ቆምኩ። ቀዳዳዋ ጠቆረች፤ ዓይን መጣ ማለት ነው። ከዚያ ከላይ መቀርቀሪያ ሲወረወር ሰማሁ፤ ቀጥሎ ከታች ሌላ። "አንቺ አሮጊት!" አልኩ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን ባልደግመው ይሻላል፤ እርግማን ነው፣ ዘር ማንዘሯ ድረስ የሚዘልቅ።

አንድ የማውቀው መላ ቀረኝ። ደረጃው አፍ ላይ ቆሜ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽኩ።

"የሰው ያለህ! የጎረቤት ያለህ! ድረሱልኝ!"

በእኛ ሰፈር ይህ ከአፍ ከወጣ ሁለተኛ መጮህ አያስፈልግም። መጥረቢያ የያዘ ይመጣል፣ ባልዲ የያዘ ይመጣል፣ ለምን እንደሚሮጥ የማያውቀውም ይሮጣል። በአጥር ምክንያት ሦስት ዓመት የተኳረፍኩት ጎረቤቴ አንድ ጊዜ ቤቴ እሳት ሲነሣ ባንድ እግሩ ጫማ አድርጎ በሌላው ባዶውን ደርሶልኛል፤ እሳቱን አጥፍቶልኝ ኩርፊያውን ቀጠለ። እዚህ ግን ስጮህ ከታች ፎቅ አንድ በር ተከፍቶ ተዘጋ። ደግሜ ስጮህ ከላይ ቁልፍ ዞረ። እኔ በጮኽኩ ቁጥር እነሱ ይቆልፋሉ። ቆሜ ሳዳምጥ ደግሞ መብራቱ ድርግም አለብኝ፤ እጄን ሳወናጭፍ ተመልሶ በራ።

"እሰብረዋለሁ" አልኩ። ግድግዳው ላይ ቀይ የእሳት ማጥፊያ ተሰቅሏል፤ አወረድኩት። ከመቆለፊያው ጎን አነጣጥሬ ወደ ኋላ ሳነሣው፣ ከበሩ ሥር ጧ፣ ጧ፣ ጧ የሚል ድምፅ መጣ። የሕፃን መዳፍ ነው። ትራሱን ተሻግሮ እኔን ፍለጋ እየዳኸ መጥቷል።

"ድንቡሼ!" አልኩ። ድምፄን ሲሰማ ከበሩ ማዶ ሳቀ።

የእሳት ማጥፊያውን ቀስ ብዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው፤ ብሰብረው የሚወድቀው እሱ ላይ ነው። እንግዲያው ታች ወርጄ ከመንገድ ሰው ልያዝ ብዬ ወደ ደረጃው ሮጥኩ። አምስት እርከን ሳልወርድ የመዳፉ ድምፅ ቆመ። ተመልሼ ጆሮዬን በሩ ላይ ስለጥፍ ጉልበቱ በጣውላው ወለል ላይ ሽር ሽር ሲል ይሰማኛል፤ እየራቀ ነው፣ ወደ ወጥ ቤቱ።

"ና! ወዲህ ና የኔ ጌታ! አያትህ እዚህ ነው!"

ጸጥ አለ። ከዚያ ሽር ሽሩ ተመልሶ መጣ፤ ጧ፣ ጧ።

ያኔ ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ብሄድ ልጁ ወደ ምድጃው ይሄዳል። ብቆይ ድስቱ ይደርቅና ይነዳል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፤ መረጥኩ። ወለሉ ላይ በደረቴ ተኝቼ አፌን በሩ ሥር አስጠጋሁ።

ባለቤቴ ብትሆን የምታባብልበት አታጣም። እኔ ለልጅ የሚሆን አንድ ዜማ አላውቅም። ስለዚህ መሣሪያዎቼን እየዘፈንኩ መቁጠር ጀመርኩ። "መዶሻ፣ መጋዝ፣ መሮ፣ መላጊያ፤ ሞረድ፣ ጉጠት፣ ሚስማር፣ መለኪያ..." ሲያልቅብኝ ከመዶሻ እጀምራለሁ። ድንቡሼ በየመሣሪያው በሩን ይመታል። በዚያ ጭንቅ መሐል እንኳ "ይህስ አናጢ ይወጣዋል" ማለቴን አልክድም።

በስንተኛው ዙር እንደሆነ አላውቅም፣ ጎማ ሲቃጠል ሸተተኝ። የጡጦዎቹ ጫፍ ነው። ውሃው አልቋል። ጥቂት ቆይቶ ውስጥ ከጣሪያው ላይ አንድ ነገር እየቆራረጠ መጮህ ጀመረ፤ ጆሮ የሚበሳ የጢስ ደወል። ልጁ ደንግጦ እሪ አለ። እኔም ዘፈኑን ትቼ መጮህ አማረኝ። ግን ዝም ካልኩ ይሄዳል። "መዶሻ!" እላለሁ፣ እንባዬ አፌ ውስጥ እየገባ። "መጋዝ! እዚሁ ሁን የኔ ልጅ! መሮ!" አምላኬን ደግሞ በየመሐሉ እለምነዋለሁ፤ ምን ብዬ እንደለመንኩ እሱ ያውቃል።

የአሳንሰሩ በር ተከፈተ። ሁለት ፖሊሶች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ የልጅ ልጅ ቢሆኑኝ የሚያምርባቸው ወጣቶች። እነሱ ያዩት እንግዲህ ይህንን ነው፦ በካልሲና በፒጃማ ሱሪ መሬት ላይ የተዘረረ ሽማግሌ፣ አጠገቡ የተነቀለ የእሳት ማጥፊያ፣ ከበሩ ውስጥ የጢስ ሽታና የልጅ ልቅሶ። ብድግ ብዬ ክንዶቼን አጥፌ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ተወዛወዝኩ። ወንዱ ፖሊስ አየኝ፣ በሩን አየው። ጢሱ ሲሸተው ጊዜ አላጠፋም፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈግፍጎ እግሩን አነሣ።

ዘልዬ በሩ ላይ ተለጠፍኩ፣ ሁለት ክንዴን ዘርግቼ።

"አይሆንም! ልጁ ሥሩ ነው! ትገድሉታላችሁ!"

ምን ያውቃል? ለእሱ እኔ ቤት ሊዘርፍ መጥቶ የሚታገል እብድ ነኝ። ትከሻዬን ይዞ ነቀለኝ፤ ክንዴን ወደ ኋላ ጠመዘዘውና ግድግዳው ላይ አጣበቀኝ። አጥንቴ ሲንቋቋ ተሰማኝ። በዚያ ጊዜ እኔ ዝም ብያለሁ ማለት ነው፣ ልጁ ደግሞ ዝም ስል ይሄዳል፤ ይህ ትዝ ሲለኝ ጉንጬ ግድግዳው ላይ ተደፍጥጦ "መዶሻ!" ብዬ ጮኽኩ። "መጋዝ! መሮ!" እግሬን ዘርግቼ በሩን ከታች በካልሲዬ መታሁት። ከውስጥ መልስ መጣ፤ ጧ።

ሴቷ ሰማች። ወዲያው ተንበርክካ ጆሮዋን በሩ ሥር ደቀነች፤ እጇን ወደ ጓደኛዋ አነሣች። ቁም ነው፤ ይህ በየትኛውም ቋንቋ ቁም ነው። እሱም ለቀቀኝ። ከኪሱ ደብተር የሚያህል ስስ ፕላስቲክ አውጥቶ በጎማው ስንጥቅ ውስጥ ሰደደው፣ ወደ ታች አወዛወዘው፣ በሩም ጠቅ አለ። በሌላ ቀን ቢሆን አርባ ዓመት ሙሉ የሠራሁት ሥራ ተሰደበ ብዬ እቆጣ ነበር። ያን ለት የመዳፍ ስፋት ያህል ሲከፈት ከሁሉም በፊት እጄን ሰደድኩ። የጋለ፣ በላብ የራሰ ትንሽ ጭንቅላት መዳፌ ውስጥ ገባ።

ሴቷ ፖሊስ በጢሱ መሐል ሮጣ ድስቱን አነሣች፣ መስኮቱን በረገደች። ድንቡሼን ደረቴ ላይ ለጥፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለቴ ሦስቴ ሳለና አፍንጫዬን ያዘ። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። ሐኪምም መጥቶ ደረቱን አዳመጠው፤ ፊቱን ሳያኮሳትር ሲሄድ ደህና ነው ማለት መሆኑ ገባኝ። የልጄን ስልክ ቁጥር ማቀዝቀዣው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አግኝተው ደወሉለት።

ልጄ እጁ ግራሶ እንደሆነ መጣ። ልጁን ዓይኑን፣ እጁን፣ እግሩን አየው፤ በግራሶው ላለማቆሸሽ ሳያቅፈው ግንባሩን ግንባሩ ላይ አስደግፎ ቆየ። እኔን አላየኝም። ከዚያ ሴቷ ፖሊስ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ልጄ እያለ ለምን በስልክ ሌላ አስተርጓሚ እንዳስፈለገ አልገባኝም፤ ለካ የቤተሰብ ሰው እንዲያስተረጉም አይፈቅዱም።

"ጤና ይስጥልኝ አባት" አለ ስልኩ በእኔ ቋንቋ። የሴት ድምፅ ነው፣ ገና ልጅ። ልቤ ቀለጠ።

"ጤና ይስጥልኝ የኔ ልጅ! እንደምን ነሽ? የት ነው ያለሽው? የማን ልጅ ነሽ?"

"ይቅርታ አባት፣ ስለ ራሴ መናገር አይፈቀድልኝም። እኔ አስተርጓሚ ብቻ ነኝ። በክፍሉ ውስጥ የሚባለውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ለእርስዎ እናገራለሁ፤ እርስዎ የሚሉትንም እንዲሁ።"

ይህችንም አገሩ አስተምሯታል አልኩ በሆዴ።

"ሕፃኑን ብቻውን ትተው የወጡት ለምን ነበር? ይላሉ ፖሊሷ።"

አፌ ላይ ሦስት ውሸት መጣልኝ። ነፋስ ነው የዘጋው ልበል፣ ቆሻሻ ልጥል ነው ልበል፣ በሩ ተንኳኩቶ ነው ልበል? ድንቡሼ ጢስ ጢስ የሚሸት ጭንቅላቱን አንገቴ ሥር ወሸቀ።

"ለሰላምታ" አልኳት።

"ለምን አሉኝ?"

"ለሰላምታ። ጎረቤቴን እንደምን አደሩ ለማለት።"

ተረጎመችው። ፖሊሷ መጻፏን አቁማ ቀና አለች፤ ደግማ አስጠየቀችኝ፤ ደግሜ ያንኑ አልኩ። ቀጥላ "ጎረቤትዎ ናቸው የደወሉልን፤ ከመጀመሪያው ጩኸት አንሥቶ እኛ እስክንደርስ ስልኩን አልዘጉትም" አለች። በራችን አልተዘጋም ነበርና አሻግሬ አየሁ። ባለመነጽሯ በራቸውን በሰንሰለቱ ልክ ከፍተው ቆመዋል፤ ስልኩ አሁንም እጃቸው ላይ ነው። ለካ እዚህ አገር ሰው የሚደርሰው በሩን ቆልፎ ነው። ያንን ሁሉ እርግማን ከመንገድ የሚመልስልኝ ባገኝ የዚያኔ የጠየቀኝን እሰጥ ነበር።

"ቁልፍ ሳይዙ እንዳይወጡ ቀድሞ ተነግሮዎት ነበር ወይ?"

ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ። ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ሁለታችንም ገብቶናል፦ አልተነገረኝም ካልኩ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ተነግሮኛል ካልኩ የእኔ።

"ተነግሮኛል" አልኩ። "አሥር ጊዜ ተነግሮኛል። አልሰማም ብዬ ነው። ልጄ ምንም ያጎደለው የለም።"

ፖሊሷ ጻፈች። ከዚያ ወደ ልጄ ዞራ በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቀችው። ልጄ መሬት መሬት እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ረዘም አድርጎ መለሰላት። እኔ ሲከራከርልኝ መሰለኝ፤ ያው እንደ ልማዱ።

አስተርጓሚዋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"አባት፣ ፖሊሷ 'ነገ ልጁ ከማን ጋር ነው የሚውለው?' ብለው ጠይቀዋል። ልጅዎ የመለሱት... የመለሱትን ልንገርዎ?"

ልጄ እጁን ወደ ስልኩ ዘረጋ። ረስቶታል፤ ስልኩ እኔ የምጠየቀውን ብቻ የሚተረጉም መስሎት ነበር።

"ንገሪኝ" አልኩ።

"'አባቴን እወደዋለሁ። ነገር ግን ከእንግዲህ ልጄን ከእሱ ጋር ትቼ መውጣት አልችልም፤ እፈራለሁ። ይህን ደግሞ ዓይኑን እያየሁ በቋንቋችን ልነግረው አልችልም' ነው ያሉት።"

ልጄ ፊቱን ግራሶ በነካው እጁ ሸፈነ። ሆድ ባሰኝ። ከሁሉ የከፋኝ የተናገረው ትክክል መሆኑ ነው።

"የኔ ልጅ፣ እባክሽ እዚህ ላለው ልጄ ንገሪልኝ" አልኩ ወደ ስልኩ።

"አጠገብዎ አይደሉም እንዴ አባት?"

"አጠገቤ ነው። ግን በእኛ ቋንቋ ከጀመርን እሱ ያለቅሳል፣ እኔ እቆጣለሁ። አንቺ ንገሪው። እኔም እፈራለሁ በይው። የተናገርከው ሁሉ ልክ ነው ብሏል በይው። ክንዴ ዝሏል፣ ልጅህን ተቀበለኝ በይው።"

ተረጎመችው። የእኔ ቃል በማላውቀው ቋንቋ፣ በማላውቃት ሴት ድምፅ፣ ሁለት እርምጃ ርቆ ወደ ቆመው ልጄ ሲሄድ ሰማሁት። ልጄ እጁን ሱሪው ላይ ደጋግሞ ጠረገ። መጣና ጎንበስ ብሎ ልጁን ከደረቴ ላይ አነሣ፤ ሲያነሣው እጁ እጄ ላይ ትንሽ ቆየ።

"ሌላ የሚጨምሩት አለ አባት?" አለች አስተርጓሚዋ።

"የለም" አልኳት።